በራሷ ሄዳ፣ በራሷ ቆማ

ጳጉሜን 4

አባዬ ዛሬ ላስቲኩን ከአሮጌዋ ፊያት መኪናው፣ ከሴይቼንቶዋ ላይ ገፈፈ። እኔ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተኛሁበት ጊዜ ጀምሮ እንደተሸፈነች ነበረች። በላስቲኩ እጥፋት ያቆረው የክረምት ውሃ ጫማው ላይ ፈሰሰ፤ አልተቆጣም። ባትሪ ከጎረቤት ተውሶ አስነሳት። እንደ ልብስ ስፌት መኪና ተንጣጣች። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ፍሬኑን ረገጠ፤ እግሩ እስከ ወለሉ ሰመጠ።

ራት ላይ «ስለት አለብኝ» አለ።

«የምን ስለት?»

«ያኔ፣ አንቺ ቀዶ ጥገና ክፍል ሳለሽ። ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ደጅ ቆሜ፣ ልጄ በእግሯ ከወጣችልኝ መኪናዬን ላንተ አልኩት።»

እንጀራዬን ጠቀለልኩ። መልሼ ፈታሁት።

«ለጥቅምት ሃያ ሰባት፣ ለንግሡ ነው የማስገባት» አለ። «ኅዳር ሲገባ ዓመት ይሞላል። ዓመት ማሳለፍ የለብኝም።»

«ታዲያ ተጎትታ ትሂዳ። ለስለት ፍሬን ምን ያደርጋል?»

«አንቺን ጎትቼ ነው ያወጣሁሽ? በራሷ ሄዳ፣ በራሷ ቆማ። እንደዚያ ነው የተሳልኩት።»

እናቴ ከሞተች በኋላ እኔን ያሳደገችው ይህች መኪና ናት ማለት ይቻላል። ያኔ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስወጣ ተሳፋሪ ሞልቷት በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ አባዬ ጭኑ ላይ ያስቀምጠኛል፤ ተሳፋሪዎቹ ያጉረመርማሉ።

ስለቱ ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል።

መስከረም 3

ጋሽ ዋቅቶላ መጡ። አዲሱ ገበያ ጋራዥ አላቸው። ከአባዬ ጋር ሠላሳ ዓመት ተጨቃጭቀዋል፤ አንድ ቀን ተጣልተው አያውቁም። መኪና ሥር ገብተው የሚዘምሩት የቸርቻቸውን መዝሙር ስለሆነ አባዬ ሁልጊዜ ነገር ይፈልጋቸዋል።

«እጅህን ታጥበህ ንካት፤ የመድኃኔ ዓለም ናት።»

«መድኃኔ ዓለም የኔም ነው፣ ጋሼ።»

«እሱን ለፓስተርህ ንገረው።»

«ነግሬዋለሁ። ለጉልላት ጸልይለት ብሎኛል።»

ጉልላት የአባዬ ስም ነው፤ ደስ ብሎት ዞር አለ።

ሞተሩ ደህና፣ ማርሹ ደህና፣ የፍሬን ሸራዎቹም ገና አላለቁም። የሞቱት ጎሚኒዎቹ ናቸው፤ ፖምፓው ውስጥና በየጎማው ሲሊንደር ውስጥ ተቀምጠው የፍሬኑን ዘይት አፍነው የሚይዙት ትንንሽ ጎማዎች። አብጠው እንደ ማስቲካ ለስልሰዋል። ጋሽ ዋቅቶላ አንዷን አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ይህቺን ይዘሽ ሶማሌ ተራ ትሄጃለሽ። ወሬ አታብዢ። ይህን የመሰለ ትያለሽ፣ በቃ።»

እኔ ነኝ የምሄደው። አባዬ መርካቶ ውስጥ ብዙ መቆም አይችልም፤ ጋሽ ዋቅቶላ ጋራዡን ጥለው አይሄዱም። እኔ ደግሞ ማተሚያ ቤቱ የሚሰጠኝን እርማት ማታም መሥራት እችላለሁ። በተረፈው ሰዓቴ ሰው ሌላ ነገር አይጠብቅብኝም። ከታመምኩ ወዲህ።

መስከረም 9

ሶማሌ ተራ። ዝናብ። ጭቃ። ጎሚኒዋን በማረሚያ ወረቀት ጠቅልዬ ከሱቅ ሱቅ። «የምን መኪና?» «ፊያት ሴይቼንቶ።» ሳቅ። አንዱ «እቃውን ተዪና መኪናዋን ለሙዚየም ሽጪልን» አለኝ።

መጨረሻ ላይ ረሂማ የምትባል ሴት። ሱቋ ከጣሪያ እስከ ወለል በሽቦ የተሰካ ጎማ ነው፤ የጎማ መጋረጃ ገልጠሽ ነው የምትገቢው። ጎሚኒዋን ተቀብላ በሁለት ጣቷ ጨመቀቻት፤ ከአንድ ሳጥን ሌላ አወጣች፤ ጎን ለጎን አቆመቻቸው። መንታ።

«የትንሽ ጭነት መኪና ነው፣ እናትዬ። ፍሬን ግን ፍሬን ነው።»

ሙሉውን ገዛሁ። በድል ተመለስኩ። ታክሲ ውስጥ ግን መውረጃዬን አለፍኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

መስከረም 10

አልገባም። ጋሽ ዋቅቶላ በግድ አስገቡት፤ ታጠፈ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ሊያሳንሱት ሞከሩ። አፈሰሰ።

መስከረም 18

ሌላ ሱቅ፣ ሌላ ጎሚኒ፣ ያው ናሙና። ይኸኛው እየተጨነቀም ቢሆን ገባ። አባዬ ከግቢው በር እስከ ውሃ ቧንቧው ነዳት፤ ፍሬን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ አልለቀቀም። መኪናዋ ከነሞተሯ እየጮኸች ተተክላ ቀረች።

«በፊት አልቆምም አለች፣ አሁን አልሄድም አለች» አሉ ጋሽ ዋቅቶላ ከሥሯ። «ጋሼ፣ መሰጠቱን አልወደደችውም መሰለኝ።»

አባዬ አልሳቀም። «እንዲህ አትበል» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በቀልድ ሲቀየም ያየሁት።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ ጎረቤታችን በአጥሩ ማዶ ለአንዲት ሴት ስትናገር ሰማሁ።

«መኪናውን ለመድኃኔ ዓለም ሊሰጥ ነው አሉ።»

«እንዴ፣ ልጅቱ ድናለች ማለት ነው?»

«እንግዲህ ስለት ካስገባ።»

ገመዱ ከፍ ያለ ነው። ቀኝ እጄ ከትከሻዬ በላይ አይነሣም፤ ቀዶ ጥገናው በዚያ በኩል ስለነበር። በግራዬ እየወረወርኩ ነው የማሰጣው። አንሶላው መሬት ወደቀ፤ እንደገና አጠብኩት።

መስከረም 21

ትናንት ጳውሎስ ቀጠሮ ነበረኝ፤ የዓመቱ ዋና ምርመራ። አልሄድኩም፤ ረሂማ አዲስ እቃ ይገባልኛል ስላለች ሶማሌ ተራ ሄድኩ። እቃው የሚገባው ከሰዓት ነበር። ቀድሜ ልገኝ ብዬ ጠዋት ሄድኩ። ሱቋ ደጃፍ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ረሂማ ሻይ አመጣችልኝና «ሥራ የለሽም እንዴ?» አለችኝ። አለኝ፣ አልኳት።

እቃው የኛ አልነበረም።

አባዬ «ሐኪሙ ምን አለሽ?» ብሎ ጠየቀ። «ቀጠሮው ተዛወረ» አልኩት። ተዛውሯል እኮ። ኅዳር 2 ብለው በስልክ ሰጥተውኛል።

መስከረም 29

አባዬ በረንዳው ላይ ለጋሽ ዋቅቶላ በስልክ ሲናገር። ጆሮው ስለደከመ ይጮኻል፤ እሱን መስማት አይደለም፣ አለመስማት ነው የሚያስቸግረው።

«እኔ እኮ ተቀብያለሁ፣ ዋቅቶላ። ልጄን በእጄ ተቀብያለሁ። እኔ ነኝ ያልሰጠሁት። ዓመቱ ሞልቶ በዚያ ደጅ ሳልፍ ምን ብዬ ነው የምሳለመው?»

ከዚያ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዞረ።

«አይ። ሌላ ነገር አልለውጥለትም። ምንጣፍና ጃንጥላማ ማንም ይሰጣል።»

ድሮ በታክሲነቷ ዘመን፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ በመድኃኔ ዓለም በር ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ተሳፋሪ ቢሞላ፣ ከኋላው ጥሩምባ ቢነፋ ግድ የለውም። ቆብ ያወልቃል፣ ያማትባል፣ ከዚያ ይሄዳል። «የሚቆም መኪና የሌለው ሰው እየሄደ ነው የሚሳለመው» ይል ነበር። መኪናዋ ከተሸፈነች ወዲህ በዚያ በኩል አያልፍም። በላይኛው መንገድ ይዞራል።

ጥቅምት 4

ረሂማ ዓርብ ዕለት ደውላ ነበር። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ አልሰማሁም። ቅዳሜ ደግሞ ደውላለች። እሑድ መልሼ መደወል አይገባም ብዬ ተውኩት። ዛሬ ሄድኩ።

ከድሬዳዋ የመጣ የፊያት እቃ፣ ገና ያልተፈታ፣ ከነካርቶኑ። ሙሉ ጎሚኒ። ሁለት ቀን አስቀምጣልኝ ነበር።

«ዛሬ ጠዋት ለሰውዬ ሰጠሁት፣ እናትዬ። ካፌ ውስጥ መኪና የሚያቆም ሰው ነው። ለጌጥ!»

«ለጌጥ ፍሬን ምን ያደርግለታል?»

«እኔም ብዬዋለሁ። አንቺ ግን ስልክሽን ምን ነካው?»

ለአባዬ ነገርኩት። ስለ ስልኩ ሳይሆን፣ እቃው ስለ መሸጡ። ፊቱን አየሁት። «የሷ አልነበረም ማለት ነው» አለና ላስቲኩን ሊያለብሳት ወጣ። ጠርዞቹን አንድ በአንድ ከጎማዎቿ ሥር ወተፈ፣ ለብዙ ጊዜ እንደማትፈለግ ሰው።

በመስኮት ቆሜ አየሁት። ጀርባው ጠቧል። እኔ ሆስፒታል ሳለሁ ነው የጠበበው፤ ያኔ አላየሁትም፣ ሁሉም የሚያየው እኔን ነበር።

መገኘት ነበረበት። ያ እቃ ለኛ መሆን ነበረበት። ስልኩ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ።

ነገ በጠዋት እንደገና እሄዳለሁ።

ጥቅምት 7

ምንም።

ጥቅምት 9

ምንም። የጭነት፣ የላዳ፣ የቮልስ። ሁሉም ናሙናዬን ይመስላል፤ አንዱም መኪናዋ ላይ አይሠራም። እንዴት ነው ይህ?

ጥቅምት 13

በእርጋታ ልጻፈው።

ዛሬ ማተሚያ ቤት የሦስተኛ እርማት መጽሐፍ ሰጡኝ። ሁለተኛው እርማት ላይ አንድ ገጽ ሙሉ በሙሉ ተሳስቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሦስተኛውን ከሁለተኛው ጋር አመሳክሬ፣ አንድ ናቸው ብዬ ፈርሜ አሳለፍኩት። አለቃዬ ኢየሩ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና በለሰለሰ ድምፅ «ጽጌ፣ ምን ሆነሻል? ከዋናው ጋር ነው እንጂ» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳለቅስ አልውልም ነበር። ዓይኔ ግን ወረቀት መያዣ ያደረግኳት ጎሚኒ ላይ አረፈ።

አብጣለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብጣለች ስንል ነበር። አብጣ የተበላሸችውን ናሙና ይዤ ሄጄ «ይህን የመሰለ» እላለሁ፤ ሰዎቹም ያበጠችውን የሚያህል ይሰጡኛል። ያበጠችው የመጀመሪያ ልኳን አታውቅም። ልኩን የሚያውቀው ብረቱ ነው፣ ሲሊንደሩ።

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። አዲሱ ገበያ ስደርስ ጋሽ ዋቅቶላ መኪና ሥር ነበሩ፤ እግራቸውን አናገርኩት። መዝሙሩ ቆመ። ተንሸራተው ወጡና ጭቃ በነካው ክንዳቸው ግንባራቸውን ጠረጉ።

«ስንት ዘመን ነው እንዲህ ሰው የምልከው?» አሉ። «እቃ አሳዩ፣ እቃ አሳዩ እያልኩ?» ከዚያ ሳቁ፤ ሳላቸው እስኪነሣ። «ሱሪ ልናሰፋ ካበጠ ሬሳ ላይ ነው የለካነው ማለት ነው።»

ማታ ለአባዬ ነገርነው። አልሳቀም። ጫማውን ሲያይ ቆየና «ያበጡት በኔ ነው» አለ።

«እንዴት?»

«ያን ቀን ከሆስፒታል ሲደውሉልኝ፣ የፍሬን ዘይቱ አልቆ ነበር። ሱቅ እስኪከፈት አልጠበቅሁም። የሞተር ዘይት ጨመርኩበት። ጳውሎስ እስክደርስ ከያዘልኝ ይበቃኛል አልኩ።»

የሞተር ዘይት የፍሬን ጎማ እንደሚያበላሽ አባዬ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ የነዳ ሰው ነው። ጋሽ ዋቅቶላ «ያዘልዎት ግን?» አሉት።

«ያዘልኝ።»

ጥቅምት 14

ባዶውን ፖምፓና ሲሊንደር በፎጣ ጠቅልዬ ለረሂማ ሰጠኋት። ናሙናውን ጎሚኒ ልጨምር ስል «እሱን ጣዪው» አልኩ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ። ረሂማ አየችኝ።

ከየሳጥኑ እያወጣች በጣቷ ወደ ቀዳዳው ትገፋለች። ሰፋ። ጠበበ። ሰፋ። ከዚያ አንዷ ያለ ምንም ድምፅ ገባች። ረሂማ አወጣቻት፣ መልሳ ከተተቻት፣ ሳጥኑን ገልብጣ አየች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ባንኮኒው ላይ ሳቀች።

«ምንድን ነው?»

«የባጃጅ ነው፣ እናትዬ! ይህን ሁሉ ሳምንት! በኪሎ ልሸጥልሽ?»

የፖምፓውንም፣ የጎማዎቹንም። መለዋወጫም ጨመረችልኝ። ሻይውን ዛሬ እኔ ጋበዝኳት።

አባዬ ጎሚኒዋን ወደ ብርሃን ይዞ አገላበጣት።

«የባጃጅ? ሴይቼንቶ ላይ?»

«ጋሼ» አሉ ጋሽ ዋቅቶላ፣ «ፍሬን ዘር አይጠይቅም።»

ጥቅምት 19

ጋሽ ዋቅቶላ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በአልኮል አጠቡ፤ ያ የሞተር ዘይት ጠብታው እንዳይቀር። አዲሶቹን ገጠሙ። ዛሬ አየር ማውጣት ነበር። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ፍሬን ይረግጣል፣ አንዱ ከሥር ቡሎኗን ከፍቶ አየሩን ያስወጣል። አባዬ ዘይቱን ሊሞላ ቆመ። እኔ መሪው ኋላ ተቀመጥኩ።

«ርገጪ። ርገጪ። ያዢ።»

ያዝኩ።

«ልቀቂ። ርገጪ። አሁንም አየር አለ። አባትሽን ይመስላል፣ አያልቅበትም።»

«ሥራህን ሥራ» አለ አባዬ።

መጀመሪያ እግሬ እንደ ጭቃ ሰመጠ። ከዚያ እንደ ሊጥ። ከዚያ፣ ለመጻፍ ያስቸግራል፣ ከእግሬ ሥር የሆነ ነገር ተነሥቶ እምቢ አለኝ። አጥብቄ ረገጥኩ። እምቢ አለ። ዓመት ሙሉ የምረግጠው ሁሉ ሲሰምጥብኝ ቆይቶ።

«በቃ፣ ጽጌ፣ ተዪው፣ ያዘ» አሉ።

ትንሽ ልርገጠው፣ አልኩ።

ጥቅምት 24

በጠዋት፣ መንገዱ ጭር እንዳለ፣ ገና ሰው ሳይወጣ፣ የላይኛውን ቁልቁለት ሞከርናት። አባዬ ነዳ። ጋሽ ዋቅቶላ ታኮ ይዘው፣ ያቺን ጎማ ሥር የምትወረወር ድንጋይ፣ ከጎን እየሮጡ። በሃምሳ ዓመታቸው። ሦስቴ አቆመ፤ ሦስቴም ያዘ። ታኮዋ ከእጃቸው አልወጣችም። ወተት የያዘች ሴት ዳር ቆማ አጨበጨበችልን።

ጥቅምት 26

ራት በልተን ስንጨርስ አባዬ ቁልፉን ሳህኔ አጠገብ አስቀመጠ።

«ነገ አንቺ ነሽ የምትነጂያት።»

«እኔ? በዚያ ቁልቁለት? በንግሥ ቀን?»

«መንጃ ፈቃድ የለሽም?»

«አለኝ፣ ግን ስለቱ ያንተ ነው።»

«የተሳልኩት እኔ ነኝ። የዳንሽው አንቺ ነሽ።»

ይህን ቃል በቤታችን ማንም ብሎት አያውቅም። «ተሽሎሻል» ይባላል። «ደህና ነሽ» ይባላል። ሳህኔን አነሣሁና አጠብኩ። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር ስመለስ። አሁን ትራሴ ሥር ነው።

ጥቅምት 27

እጄ አሁንም የመሪ ሽታ አለው።

አባዬ ነጭ ጋቢውን ለብሶ አጠገቤ ተቀመጠ። መኪናዋን ትናንት አጥቦ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በጋቢው ጫፍ መስታወቷን ወለወለ። ጋሽ ዋቅቶላ ከነታኮአቸው ከጎን ይሄዳሉ፤ ለንግሥ የሚወርደው ሕዝብ ነጭ በነጭ ሆኖ ሙሉውን መንገድ ይዞታል። ሰው በግራም በቀኝም ይዳብሳታል። «ሴይቼንቶ!» ይላል አንዱ ሽማግሌ፣ የሞተ ዘመዱን መንገድ ላይ ያገኘ ይመስል።

የመጨረሻው ቁልቁለት ላይ ወደ ሁለተኛ ማርሽ መለስኩ። ከፊቴ ሴቶች፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ጧፍ የያዙ፣ ጀርባቸውን የሰጡኝ። የበሩ ጉልላት ብቅ አለ። እግሬን ወደ ፍሬኑ አዛወርኩ።

«እዚህ ነው የማቆመው» አለ አባዬ፣ ቀስ ብሎ። ቆቡን አወለቀ።

ረገጥኩ።

ቆመች። በበሩ ትክክል፣ ያለ ድምፅ፣ እዚያው እንደበቀለች። አባዬ አማተበ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የሚለውን አልሰማሁም። ከንፈሩ ከቆመ በኋላም አልወረደም፤ ጥሩምባ ማንም አልነፋም። ሴቶቹ ዞረው አዩንና አንዷ እልል አለች፤ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ከዚያ ቁልቁለቱ በሙሉ እልልታ ሆነ። በጎን መስታወቱ ጋሽ ዋቅቶላን አየኋቸው። ታኮዋን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

የስለት ጨረታው ከበሩ ውጭ ባለው ዳስ ነበር። ምንጣፉ፣ ጃንጥላው፣ በጉ ተሸጠ። ከዚያ ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰውዬ «ተመልከቱ፣ ምእመናን፣ በራሷ እግር የመጣች ስለት» አለ። አንድ ነጋዴ አሸነፈ፣ ገንዘቡን ከፈለና «ለቤቱ መልሻለሁ» አለ፤ እልልታ። እንደገና ለጨረታ ቀረበች። አንድ የሰፈር ማኅበር አሸነፈ፤ እነሱም መለሱ። ሁለት ጊዜ ተሸጣ ሁለት ጊዜ ያለ ጌታ ቀረች። በሁለቱም ጊዜ ሳላውቀው ትንፋሼን ይዤ ነበር።

በሦስተኛው ወይዘሮ አጸደ የሚባሉ የሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ነጋዴ አሸነፉ። ለልጃቸው ሠርግ ሙሽሮቹን ሊያስወስዱባት። እሳቸው አልመለሱም። ይልቅ ዙሪያዋን ዞሩና ወደ ሕዝቡ «እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፣ ፍሬኗ ይይዛል?» አሉ።

ሕዝቡ ሳቀ። ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ ዳሱ አልገባም ብለው ከቆሙበት፣ ጋሽ ዋቅቶላ ጮኹ።

«ይይዛል!»

ታኮዋንም ወደ ቦዩ ወረወሯት።

«ያ ደግሞ ማነው?» አሉ ወይዘሮ አጸደ።

«የኛ ነው» አለ አባዬ።

ወይዘሮዋ «ቁልፉ የት አለ? ማን ጋ ነው?» እያሉ በሕዝቡ ውስጥ ሲፈልጉ፣ እንዲያዩኝ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ከሰው ራስ በላይ። «ያቺ ናት!» አሉና መጥተው ተቀበሉኝ።

በእግራችን ተመለስን። ዳገቱን አባዬ ከኔ ቀድሞ ወጣው፣ እጆቹን እያወዛወዘ፣ ምንም ያልያዘ ሰው ሆኖ። ግቢያችን ውስጥ የቆመችበት ቦታ ደረቅ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። ልብስ አጠብኩና አሰጣሁ።

አንሶላውን ገመዱ ላይ ስጥል ነው ያስተዋልኩት። ቁልፉን ያነሣሁት በቀኝ እጄ ነበር።

ኅዳር 2

ጳውሎስ። ከቀጠሮዬ ቀድሜ ደረስኩ፤ ዛሬ ቀድሜ የደረስኩት ሶማሌ ተራ አይደለም። ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ። ሐኪሟ ምስሉን አየች፣ ወረቀቶቹን አየች፣ እጄን እንዳነሣ ጠየቀችኝ። አነሣሁ።

«ይህንን መቼ ጀመርሽ?» አለች።

«በንግሥ ዕለት።»

ፈገግ አለች። ምንም ነገር የለም አለች። ንጹሕ። በዓመቱ ብቅ በዪ።

በር ላይ አባዬ ከነጋቢው ተቀምጦ ነበር፤ ጋሽ ዋቅቶላ አጠገቡ ሙዝ እየላጡ። እንዳይመጡ ብያቸው ነበር። ፊቴን አዩ። አልጠየቁኝም። አባዬ ሙዙን ከዋቅቶላ እጅ ነጥቆ ለኔ ሰጠኝ።

መኪና የለንም። ባጃጅ ያዝን፤ ሦስታችን ከኋላ ተጨናንቀን። ሰፈራችን ያለው ቁልቁለት ላይ አህያ ድንገት ገባችብን፤ ሹፌሩ ፍሬን ረገጠ፤ ባጃጇ ቀጥ አለች። የጋሽ ዋቅቶላ እጅ ከልምድ ታኮ ፍለጋ ወደ ወለሉ ሄዶ ነበር።

አባዬ በእርካታ ወደ ኋላ ተደገፈ።

«የኛ ጎሚኒ ናት» አለ ለሹፌሩ።